የቤት ቁጥር፦ አዲስ

አባዬ ዘንድ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ አንድ የቆየ መታወቂያ አለ። በ1992 ዓ.ም. ከቀበሌ የተሰጠው ነው። ጊዜው ካለፈበት ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖታል፤ ግን አይጥለውም። ፎቶግራፉ ላይ ጉንጩ ገብቷል፣ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። "በአደጋ ጊዜ ተጠሪ" በሚለው መስመር ላይ የእኔ ስም የለም፤ የሰፈራችን እድር ዳኛ ስም ነው ያለው። "የቤት ቁጥር" በሚለው ፊት ለፊት ደግሞ ቁጥር አልተጻፈም። በሰማያዊ እስክሪብቶ "አዲስ" ይላል።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቃል ያውቀዋል። ማህደር የሌለው፣ ቀበሌው "አለ" ለማለትም "የለም" ለማለትም ያልደፈረው ቤት "አዲስ" ይባል ነበር። ግድግዳው አርጅቶ ወደ ጎን ቢያጋድልም፣ ቆርቆሮው ዝጎ ሰማይ ቢታይበትም አዲስ ነበር። እኔ ግን ይህን ቃል በዚያ መታወቂያ ላይ ባየሁ ቁጥር ጸሐፊው ሳያውቀው እውነት ጻፈ እላለሁ። አባዬ ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ቁጥር አልነበረውም።

አባዬ ሃምሳ አለቃ ነበር። ምልምሎችን በሰልፍ የሚያሠለጥን፣ ድምፁ ሜዳ አቋርጦ የሚሰማ ሰው። በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ወደ ደቀመሐሪ ግንባር ተላከ፤ ግንቦት 1983 ግንባሩ ሲፈርስ ከተረፉት ጋር በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። ሲመለስ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያን ዓመት ያየ ሰው አይረሳውም፤ በየበሩ "የወታደር ነገር" እያሉ ቁራሽ የሚለምኑ፣ የደንብ ልብሳቸው እላያቸው ላይ ያለቀ ሰዎች ከተማውን ሞልተውት ነበር። የፈረሰው ጦር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። አባዬ ቤት ነበረውና አልለመነም። ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል። ከዚያ አረቄ ቤት መሄድ ጀመረ።

ልደታ አካባቢ ነበር የምንኖረው፤ እማዬ ከአንዲት የቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ በደባልነት በያዘቻት አንድ ክፍል። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። አባዬ መጀመሪያ ማታ ማታ፣ ከዚያ ከቀትር በኋላ፣ በመጨረሻ ጠዋት ከእንቅልፉ እንደተነሣ ይጠጣ ጀመር። ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም፤ ሁለት መለኪያ ካቲካላ ሲወርድለት እጁ ቀጥ ይላል። እኔ ልጅ ነበርኩና አረቄ መድኃኒት ይመስለኝ ነበር። ለእሱም እንደዚያ ይመስለው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በ1986 ዓ.ም. በአንድ እሑድ ጠዋት፣ እማዬ ቅዳሴ ላይ ሳለች፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ከነአክንባሎው በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ መርካቶ ወስዶ ሸጠው። ቴሌቪዥን አልነበረንም እንጂ ቴሌቪዥን ቢሸጥ ኖሮ ይቅር የምትለው ይመስለኛል። ምጣዱ ግን የእኔና የወንድሜ ደብተር፣ የቤት ኪራይ፣ የነገ ምሳ ነበር። ማታ ሲመጣ በሩን አልከፈተችለትም። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። "የምጣዴን ነገር ለእግዜር ነግሬዋለሁ፤ ሂድ" አለችው። እሱም ሄደ። ጎዳና የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን የሚወጣ ይመስለን ይሆናል፤ አባዬ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ቆይቶ ያን ማታ ደረሰ ብል ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ ለገሃር፣ ስታዲየም ዙሪያ፣ አንዳንዴም ሜክሲኮ ነበር። ክረምት ሲመጣ ላስቲክ፣ ረሃብ ሲመጣ ከሆቴል የሚወጣ ቡሌ፣ የቀን ሥራ ሲገኝ መርካቶ በአዳር የሚከራይ ቆጥ። ሰዎች "ሃምሴ" ይሉት ነበር። ማዕረጉን ቆርጠው ቅጽል አደረጉት።

አሁን የምጽፈውን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በለገሃር በኩል ስንመለስ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ጥግ "እማዬ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። ቆሞ ነበር፤ በአንድ እጁ ግድግዳ ይዞ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር። ኋላ ሳስበው ብስኩት ይሆናል እላለሁ። ጓደኛዬ "ማነው?" አለችኝ።

"የሰፈራችን እብድ ነው" አልኳት።

ሰምቷል። እጁ ዝቅ ሲል አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ዓመት በዚያ መንገድ ተቀምጦ አላየሁትም፤ እኔ እንዳላፍር ብሎ ስፍራውን ለቀቀ። ጎዳና ላይም ስፍራ አለ፤ ዝናብ የማያገኘው፣ ዘበኛ የማያባርርበት ጥግ በስንት ጭቅጭቅ ይገኛል። እሱን ነው ለእኔ የተወው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለዚያ ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ስሞክር ያለኝን ልንገራችሁ። "እብድ ማለትሽ ደግ አደረግሽ። እብድ ቢሆን ጸበል ይወስዱታል፣ ያዝኑለታል። ሰካራም ብለሽ ቢሆን ኖሮ ግን እዚያው ይሙት ይሉ ነበር።" እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ አልሳቅሁም፤ ትክክል ነበረና።

አሁን ከጎዳና ስላወጣው ቁልፍ ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ያለው እድር ዕቃ ቤት ነበረው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ብረት ድስቶቹና ሰሃኖቹ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ታሪኩ የከተማው ታሪክ ነው። የአንድ ባለጸጋ ግቢ ሰርቪስ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ግቢው ለቀበሌ ሆነ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበረ ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ነበር የተሰጡት። ዋናው ቤት ለአራት ቤተሰብ ተሸነሸነ፤ ሰርቪሷን ቀበሌው ለእድሩ ፈቀደለት። ከዕቃ ቤቱ ጎን አንድ አልጋ የምታዘረጋ ጠባብ ክፍል ነበረች፤ የተሰበረ ወንበር የሚጣልባት። አባዬ በ1991 ክረምት የዚያን ዕቃ ቤት በር ተደግፎ ያድር ጀመር፤ የቆርቆሮው ክፈፍ ወደ ውጭ ስለሚረዝም ዝናብ አያገኘውም። ከእማዬ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ነው። እማዬ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ማናችንም አናወራውም።

የእድሩ ለፋፊ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሲሞት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጡሩምባ እየነፉ በየቅያሱ ዞረው "የእገሌ ባለቤት አርፈዋልና ለቀብር ውጡ" የሚሉ። አንድ ሌሊት ለፋፊው ታመው ዳኛው ራሳቸው ጡሩምባውን ይዘው ወጡ። ዳኛው አስም ያለባቸው ሰው ነበሩ፤ ሁለተኛው ቅያስ ላይ ድምፃቸው ጠፋ። ከዕቃ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ተነሣ፤ ጡሩምባውን አልነካም፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ የሰልፍ ሜዳ ድምፁን ለቀቀው። እኔ ቤታችን ውስጥ ተኝቼ ሰማሁት። እማዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ "እሱ ነው" አለች። ከዚያ መልሳ ተኛች።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ዳኛው ጠባቧ ክፍል ለእሱ ትሰጠው፣ ዕቃም ይጠብቅ፣ ይለፍፍም ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ስብሰባው ተናወጠ። የሚስቱን ምጣድ የሸጠ ሰው ድንኳናችንን ይተዋል ወይ? የሚባል ነገር ነው፤ እኔም አባል ብሆን ይህንኑ እል ነበር። አንዱ ተነሥቶ "መጀመሪያ መጠጡን ይተው፣ ከዚያ እናያለን" አለ። ሁሉም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዳኛው የመለሱትን ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ ያወሩታል፦ "በረንዳ ላይ ማን መጠጥ ሲተው አይታችኋል? ድንኳኑ ከጠፋ እኔ እከፍላለሁ።" ለአባዬ ያስቀመጡለት ግዴታም አንድ ብቻ ነበር፦ ጡሩምባ በሚያስፈልግበት ሌሊት ይቁም። ስለ አረቄ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቁልፉን ሰጡት።

እኚህ ሰው መጽሐፍ አንብበው አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሳም ሴምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ጎዳና ላይ ለሚኖሩ የአእምሮ ሕሙማንና ሱሰኞች ምንም ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጥ መጀመሪያ ቤት መስጠት እንደጀመረ፣ ፊንላንድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህንኑ የመንግሥት ፖሊሲ እንዳደረገችው ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው። የልደታው ዳኛ ግን አስም ስላለባቸው ለፋፊ ፈልገው ነበር፤ በዚያ ላይ ሰው ያውቁ ነበር።

ቁልፍ ሲይዝ ወዲያው ተለወጠ ብል እዋሻለሁ። ስምንት ወር እዚያች ክፍል ውስጥ ሆኖ ጠጥቷል። ልዩነቱ፣ አሁን የሚጠጣበት ክፍል ጣሪያ ነበረው፤ ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ ነበረው፤ ካልሲውን አጥቦ የሚያሰጣበት ገመድ ነበረው። በቁልፍ የሚዘጋ በር ያለው ሰው ዕቃ ያጠራቅማል። መጀመሪያ ኩባያ፣ ከዚያ ፋኖስ፣ ከዚያ አሮጌ ራዲዮ ገዛ። ጎዳና ላይ ሳለ የሚገዛው ነገር አረቄ ብቻ የነበረው ሌላው ሁሉ ሌሊት ስለሚሰረቅ ነበር፤ ሆድ የገባ ብቻ ነው የማይሰረቀው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ሌሊት ሳይነሣ ቀረ። ሰክሮ ተኝቶ ነበር። የሞቱት አንዲት ብቸኛ አሮጊት ናቸው፤ ልፈፋው በሦስት ሰዓት ሆነና ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው አግዳሚ ወንበሩን እንኳን አልሞላም። ዳኛው አልተቆጡትም። "እርሳቸው ያለ እርስዎ ሰው አልነበራቸውም" ብቻ አሉት። አንቱ ብለው።

በዚያው ቀን አረቄውን በአንድ ጊዜ ቁጭ አደረገው። በሁለተኛው ቀን ማታ ጣለው፤ አረፋ ደፈቀ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ምልምሎች ተሰልፈው ያይ ነበር፤ "ቀኝ ኋላ ዙር" እያለ ይጮህባቸዋል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጸበል አለ፣ ግማሹ ሐኪም። መጀመሪያ የወሰድነው ጤና ጣቢያ ሰካራም አናስተኛም ብሎ መለሰን። ዳኛው ታክሲ ከፍለው አማኑኤል ወሰዱት። አማኑኤል በጣልያን ዘመን የተከፈተ ሆስፒታል ነው፤ "አማኑኤል ገባ" ማለት ለአዲስ አበቤ ስድብ ነውና እማዬ የልጆቼን ስም ታጠፋላችሁ ብላ አለቀሰች። ሐኪሙ ያሉን ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ነው፦ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቋርጥ አንጎሉ ይናወጣል፣ ሊሞትም ይችላል፤ በመድኃኒት ቀስ እያለ መውረድ ነው ያለበት። ዳያዜፓም ሰጡት፣ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ። ይህን ስንቱ ሰፈር ያውቀዋል? "ወንድ ከሆንክ ዛሬውኑ ተው" እያልን ስንቱን ገድለናል እላለሁ አንዳንዴ።

ሲወጣ ደግሞ ለጸበል ወገኞቹ ቃሉን ጠብቆ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሁለት ሱባኤ ገባ። የትኛው አዳነህ ስለው ይቆጣል። ለሁለቱም የበቃው ግን የሚመለስባት ክፍል ስለነበረችው ነው፤ ይህ የእኔ ፍርድ ነው።

ከዚያ መታወቂያ አስፈለገ። መታወቂያ የሌለው ሰው ባንክ ደብተር አይከፍትም፣ ዋስ አያገኝም፣ ነፃ ሕክምና የሚያስገኘው ወረቀትም አይሰጠውም ነበር። መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ የቤት ቁጥር ያስፈልግ ነበር። ዳኛው ሦስት ምስክር ይዘው ሰባት ቀን ቀበሌ ተመላለሱ። ሰውየው አለ፣ ክፍሏም አለች፤ መዝገብ ላይ ግን የሉም። በመጨረሻ ጸሐፊው ሰለቸውና "አዲስ" ብሎ ጻፈ። አባዬ ያን ቀን ምን ገዛ መሰላችሁ? የኤሌክትሪክ ምጣድ። ካጠራቀመው ላይ፣ አሮጌ፣ ከመርካቶ። ተሸክሞ እማዬ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እማዬ ምጣዱን ተቀበለች፤ እሱን አልተቀበለችም። እስከ ዛሬም አንድ ጣሪያ ሥር አድረው አያውቁም። በዓል ሲሆን ዶሮ ትልክለታለች።

በዚያች መታወቂያ ነው በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው። በዚያ ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተሰልፏል። የእሱን ወረቀት ሳየው በሆዴ ስቄ ነበር።

ልደታ በ2001 ፈረሰ። ማህደር ያላቸው የቀበሌ ተከራዮች ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም እንዲመርጡ ተደረገ። "አዲስ" ግን መብት የለውም። እድሩ ተበተነ፤ ሰዉ ጀሞም፣ ጎተራም፣ የትም ሄደ። ድንኳኑን በሒሳብ ተከፋፈሉት። እኔ ዘንድ ና አልኩት፤ ተከራይቼ የምኖረው ከባለቤቴና ከሕፃን ልጄ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። "ከቁልፍ ወደ እንግድነት አልመለስም" አለኝ። እና ጠፋ። አሥራ አንድ ቀን ፈለግሁት። ለገሃር፣ ያው ጥግ ላይ አገኘሁት፤ ሰክሮ፣ ጡሩምባውን ታቅፎ።

በዚህ ጊዜ የሚድንበት መንገድ አጭር ነበር፤ አንዴ ተሂዶበታልና። የተበተኑት የእድር አባላት ከየሰፈራቸው በወር ሃያ ሃያ ብር አዋጥተው አየር ጤና አካባቢ የጭቃ ቤት ተከራዩለት። ከዳኛው ጀምሮ አብዛኞቹ ጡረተኞች ነበሩ። ስድስት ዓመት ከፈሉ። ለእኔ የሚገርመኝ እሱ መዳኑ አይደለም፣ እነሱ አለመሰልቸታቸው ነው።

በ2007 የዕጣው ዝርዝር አዲስ ልሳን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አንድ ቅጂ ገዝቼ ሄድኩ። ፊደሉ ደቃቃ ነው። ገጽ በገጽ በጣቴ እየተከተልኩ ስወርድ እሱ አጠገቤ ቆሞ ራዲዮ ያዳምጣል፤ አያየኝም። ስሙን ሳገኘው ጮህኩ። መነጽሩን አድርጎ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ "የአያት ስም ትክክል ነው?" አለኝ። ትክክል ነበር። የካ አባዶ፣ ስቱዲዮ፣ አራተኛ ፎቅ። ሃያ ከመቶውን ከእሱ ደብተር፣ ከእኔ እቁብና ከዳኛው ልጆች አሟላን፤ የቀረው የንግድ ባንክ ብድር ሆነ።

አሁን ሰባዎቹን ይዟል። ውኃ በማይመጣበት ሳምንት ጀሪካን አራት ፎቅ ተሸክሞ ይወጣል፤ ተው ብንለው አይሰማም። የብሎኩ እድር መልእክቱን በቴሌግራም ስለሚልክ ለፋፊ አያስፈልገውም፤ ጡሩምባው ከአልጋው በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ዳኛው ሲሞቱ ብቻ አንዴ አውርዶ ይዞት ሄዶ ነበር፤ ግን አልነፋውም።

የባንኩ ዕዳ ገና አላለቀም። በየወሩ መጀመሪያ ራሱ ሄዶ ይከፍላል። በስልክ መክፈል እንደሚቻል ብዙ ጊዜ አሳይቼዋለሁ፤ ስሙና የቤት ቁጥሩ ያለበትን ደረሰኝ በእጁ ካልያዘ አይሆንለትም።